ዝዝዝ የሚለው ፒያኖ

ጥያቄ፦ «ጋሼ፣ ፒያሳ አንድ አሮጌ ፎቅ ቤት ውስጥ ነው የምኖረው። ሳሎኔ ባለው ግራንድ ፒያኖ ልጆች አስተምራለሁ። ከኅዳር ወዲህ ከመሃለኛው ዶ በታች ያለውን ላ እና ከሱ በላይ ያለውን ጥቁር ቁልፍ ጠንከር አድርጌ ስመታ ዝዝዝ የሚል ድምፅ ይሰማኛል። ቁልፉን ስለቅ ያቆማል። አንድ ሰው አይቶ ‹ሳውንድቦርዱ ተሰንጥቋል፣ መቀየር አለበት› አለኝ። የጠራልኝ ዋጋ እንቅልፍ ነስቶኛል። እውነት ነው?»

ወንድሜ፣ ገንዘቡን ለማንም እንዳትሰጥ። ሳውንድቦርድ፣ ያ ከክሮቹ ሥር የተዘረጋው ሰፊ ጣውላ፣ እኔ መጨረሻ ላይ ነው የምጠረጥረው። ስንጥቅ ኖሮባቸው ጥርት ብለው የሚዘፍኑ ፒያኖዎች ብዙ ናቸው።

በገና ሰምተሃል አይደል? ያ የሚያጉረመርመው ድምፅ የሚመጣው ክሩ ብርኩማው ላይ ካለች ትንሽ ቆዳ ጋር ነካ ለቀቅ ስለሚያደርግ ነው። የአንተም ፒያኖ ነገር ይኸው ነው። ልዩነቱ እዚያ ታስቦበት የተሠራው፣ እዚህ ሳይፈለግ መምጣቱ ነው። ሁለት ነገሮች ጥብቅ ብለው ከተያያዙ ዝዝታ የለም። ከተራራቁም የለም። ሊነካኩ ሲሉ ነው የሚጮኹት። ስለዚህ አንተ የምትፈልገው አንድ የላላ ነገር ነው።

ደብዳቤህ ውስጥ ጥሩ ፍንጭ አለ። አንድ ቁልፍ ብቻ ቢሆን ኖሮ ክሩን ወይም ድምፅ ማፈኛውን እጠረጥር ነበር። ግን ጎን ለጎን ያሉ ሁለት ቁልፎች ናቸው፤ እያንዳንዳቸው የራሳቸው ክሮች አሏቸው። ላው በሰከንድ 220 ጊዜ ይርገበገባል፣ ጥቁሩ ደግሞ 233 ጊዜ ገደማ። በዚያ ፍጥነት አካባቢ አብሮ የሚንቀጠቀጥ ነገር ቤቱ ውስጥ ወይም ፒያኖው ላይ አለ ማለት ነው። ኅዳር ላይ መጀመሩም አይገርመኝም። እንጨት ክረምቱን እርጥበት ጠጥቶ ያብጣል። የበጋው ፀሐይ ሲመጣ ይኮማተራል። በሐምሌ ጥብቅ ብሎ የነበረ ቪቴ በኅዳር ይላላል።

ዛሬ ማታ ይህን ሞክር። ስልክህ ላይ ድምፅ የሚያመነጭ አፕ ጫን፣ ከብሉቱዝ ስፒከር ጋር አገናኘው። ፒያኖውን ሳትነካ ከ200 ኸርዝ፣ ማለትም በሰከንድ 200 ጊዜ ከሚርገበገብ ድምፅ፣ ጀምረህ ቀስ እያልክ እስከ 250 ውጣ። ድምፁን ከፍ አድርገው። ዝዝታው ከመስኮቱ ወይም ከመብራቱ ከመጣ ፒያኖህ ደህና ነው። የፒያሳ አሮጌ ቤቶች መስኮት ስቱኮው ደርቆ ስለሚረግፍ መስታወቱ በቀላሉ ይንቀጠቀጣል። አራት ኪሎ አካባቢ አንድ ቤት ፒያኖውን ግማሽ ቀን ስመረምር ውዬ በመጨረሻ ያገኘሁት ቡፌ ውስጥ ተጠጋግተው የተቀመጡ ሁለት ሲኒዎችን ነው። ከዚያ ወዲህ ሥራዬን የምጀምረው ከክፍሉ ነው።

ክፍሉ ነፃ ከወጣ አንዱ ተማሪህ ይቀመጥና ላን ደጋግሞ ይምታ። ወንበሩ ላይ ሆነህ የምትሰማውን አቅጣጫ አትመን፤ ክዳኑ ድምፁን ያዞረዋል። አንተ እየዞርክ አንድ በአንድ በእጅህ ተጫን። የኖታ ማስቀመጫውን፣ የክዳኑን ድጋፍ፣ የክዳኑን መቆለፊያ፣ ፔዳሎቹ የተንጠለጠሉበትን እንጨት፣ የእግሮቹን ጎማ። እጅህ ሲያርፍበት ዝዝታው ከቆመ እሱ ነው። ከሁሉ በላይ የክዳኑን ማጠፊያ እይ፤ እኔ አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱን የማገኘው እዚያ ነው። በማጠፊያው መሃል የሚያልፈው ቀጭን ብረት ይላላና ይጮኻል። እዚህ ላይ አደራ፣ ብረቱ ወጥቶ ከሆነ ክዳኑን ለብቻህ እንዳትከፍት። ከባድ ነው፣ ሊወድቅብህ ይችላል። የላላ ቪቴ ካገኘህ በካቻቢቴ ቀስ ብለህ አጥብቅ። የብረት ፍሬሙን ትልልቅ ብሎኖች ግን አትንካ። ወደ 230 የሚጠጉ ክሮች በአንድነት ከ15 ቶን በላይ እየሳቡት ነው።

ከዚያ በባትሪ ውስጡን እይ። ልጆች የሚማሩበት ፒያኖ ውስጥ እርሳስ፣ ሳንቲም፣ የወረቀት ክሊፕ አይጠፋም። በክሮቹ ሥር የሚያልፍ ስስ ነገር ላይ ጨርቅ ጠቅልለህ የወደቀውን እየገፋህ አውጣው።

አሁንም አልተገኘም? ላው በአብዛኛው ሦስት ክር ነው ያለው። በሁለቱ ክሮች መሃል ላጲስ ሽብልቅ አድርገህ አፍናቸውና ሦስተኛውን ብቻ አሰማ። እያፈራረቅህ ሦስቱንም ፈትሽ። አንዱ ክር ብቻ የሚጮህ ከሆነ ቃኚ ጥራ። መዳብ የተጠመጠመባቸው የባስ ክሮች ላይ ቢሆን ኖሮ ጥምጥሙ ላልቷል እልህ ነበር። ያኔ ክሩ ከመጨረሻው ሚስማር ተነቅሎ በጥምጥሙ አቅጣጫ አንዴ ተጠምዝዞ ይመለሳል። ያም የባለሙያ ሥራ ነው።

ሁለት ነገር እለምንሃለሁ። ዘይት ወይም የዝገት ስፕሬይ ውስጡ አትንፋ። ዘይቱ መቃኛ ሚስማሮቹ የተተከሉበት እንጨት ውስጥ ከገባ ሚስማሮቹ ይንሸራተታሉ፣ ፒያኖው ቅኝት አይዝልህም። መዶሻዎቹን የያዘውን ክፍልም ስበህ አታውጣ። በመውጣት ላይ እያለ አንድ ቁልፍ ቢጫን መዶሻው ከላይ ካለው እንጨት ጋር ተጋጭቶ ይሰበራል።

ስለ ስንጥቁ ልመለስ። ፒያኖው ሥር ተኛና ወደ ላይ እይ። ጣውላውን የሚደግፉ ረጃጅም እንጨቶች ታያለህ። ስንጥቅ ብቻውን አብዛኛውን ጊዜ ዝም ነው የሚለው። የሚጮኸው ከነዚህ እንጨቶች አንዱ ሙጫው ለቅቆ ጣውላውን ነካ ለቀቅ ሲያደርግ ነው። እሱም ቢሆን ተመልሶ ይጣበቃል፣ በቪቴ ይያዛል። ለዚያ ተብሎ ሙሉ ሳውንድቦርድ አይቀየርም።

ያ ሰው ተመልሶ ከመጣ ፒያኖው ሥር ገብቶ ስንጥቁ አጠገብ ያለውን እንጨት በመዳፉ ደግፎ ይያዝልህ። አንተ ላን ምታ። ዝዝታው ካልቆመ ሌላ ቦታ ፈልጉ።