አብራሪው ልኩን ሳያልፍ ክንፍ እንዴት ይሰበራል?

ጥያቄ፦ ሰላም ለእናንተ። የ12ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። ሰማይ ላይ የሚገለባበጡ ትናንሽ አውሮፕላኖችን ቪዲዮ ማየት በጣም እወዳለሁ። አንዳንዶቹ ግን አየር ላይ እንዳሉ ክንፋቸው ተሰብሮ እንደወደቁ አነበብኩ። ለዚሁ ተብለው የተሠሩ አይደሉም እንዴ? ወይስ ጥፋቱ ሁሌ የአብራሪው ነው? (ዮ.፣ ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ ኧረ ሁሌማ አይደለም! ለዚሁ መሠራታቸው እውነት ነው። በተለመደው ደንብ ተራ ትንሽ አውሮፕላን 3.8 ጂ፣ ማለትም የክብደቱን 3.8 እጥፍ፣ ሲችል የአክሮባቱ፣ ማለትም ለመገለባበጥ የተሠራው፣ 6 ጂ ይችላል፤ በዚያ ላይ የአንድ ተኩል እጥፍ መጠባበቂያ አለው። ከዚህ አልፎ መሪውን የሚጎትት አብራሪ በራሱ እጅ ክንፍ ሊሰብር ይችላል። እኔን ይበልጥ የሚያስፈራኝ ግን ልኩ ሳይታለፍ የሚመጣው ስብራት ነው።

የብረት ድካም ይባላል። አብራሪው የአውሮፕላኑን አፍንጫ ወደ ላይ በሳበ ቁጥር ክንፉ ወደ ላይ ይታጠፋል፣ ክንፉን ከአውሮፕላኑ አካል ጋር የሚያያይዘው የታችኛው መጋጠሚያ ይወጠራል። ይህ ሺህ ጊዜ ሲደጋገም ለዓይን የማትታይ ስንጥቅ ትፈጠርና ቀስ እያለች ታድጋለች። የጂ መለኪያው የዛሬውን በረራ እንጂ የዓመታቱን ጫና አያሳይም።

እ.ኤ.አ. በ1970 ብሪታኒያዊው የአክሮባት አብራሪ ኒል ዊሊያምስ እንግሊዝ አገር ሃላቪንግተን ላይ ዝሊን በሚባል አውሮፕላን ሲለማመድ የግራ ክንፉ የታችኛው መጋጠሚያ በዚሁ ድካም ተበጠሰ። ክንፉ ወደ ላይ መታጠፍ ጀመረ። እሱ ምን አደረገ መሰለህ? አውሮፕላኑን ገልብጦ በጀርባው አበረረው፤ ያኔ ጫናው አቅጣጫውን ስለቀየረ የተበጠሰው ቦታ መወጠሩ ቀርቶ እርስ በርስ ተገፋና ክንፉ ወደ ቦታው ተመለሰ። እንደተገለበጠ ዞሮ መጣ፣ መሬት ሊነካ ሲል አቀናው፣ ወድቆም በሕይወት ወጣ። ይህን ያህል ረጋ ብሎ ማሰብ በእውነት ያስደንቃል።

ሁሉም ግን እንዲህ አልተረፈም። አሜሪካ ውስጥ ቲ-34 በሚባሉ የቀድሞ የጦር ማሠልጠኛ አውሮፕላኖች ሰዎች ገንዘብ እየከፈሉ የአየር ውጊያ ጨዋታ ይጫወቱ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1999 ጆርጂያ ውስጥ የአንዱ ክንፍ ተገንጥሎ ሰዎች ሞቱ፤ የደከመ ብረት ነበር። መንግሥት የክንፍ ፍተሻ አዘዘ። ሆኖም በ2003 እና በ2004 ቴክሳስ ውስጥ ሌሎች ቲ-34ዎች ክንፋቸው ተሰብሮ ወደቁ። ስንጥቅ አንድ ቦታ ተፈልጎ ታጣ ማለት ሌላው ቦታ ጤነኛ ነው ማለት አይደለም።