ዋይፋዩ መኝታ ቤት ለምን ይደክማል? ጥያቄዎቻችሁና መልሶቼ

ጥያቄ፦ ሳሎን ዋይፋዩ ይፈጥናል፤ መኝታ ቤት ስገባ ግን ይንቀራፈፍብኛል። ራውተሩ ተበላሽቶ ይሆን?

መልስ፦ አይመስለኝም እህቴ፣ ግድግዳው ነው። ብዙ ራውተሮች 2 ዓይነት ሞገድ ይለቃሉ፤ 2.4 እና 5 ጊጋኸርዝ። 5ቱ ፈጣን ነው፣ ግን ግድግዳ ቶሎ ያደክመዋል። 2.4ቱ ዘገም ይላል፣ ርቆ ግን ይደርሳል። መኝታ ቤት ስትሆኚ እሱን ምረጪ። ከዚያ በፊት ግን ራውተሩን ከቲቪው ጀርባ አውጪውና ቤቱ መሐል፣ ከፍ ያለ ቦታ ላይ አድርጊው። ብሎኬት ሲግናሉን ይቀንሰዋል፣ ፌሮ ያለበት ኮንክሪት ይብሳል፣ ቆርቆሮ ደግሞ ጭራሽ መልሶ ይወረውረዋል። የቆርቆሮ ሰርቪስ ቤት ውስጥ ዋይፋይ የሚጠፋው ለዚህ ነው።

ጥያቄ፦ ኮንዶሚኒየም ነው የምኖረው። ማታ ማታ ለምን ይብስበታል?

መልስ፦ ማታ ሁሉም ቤት ስለሚገባ ነው። የጎረቤቶችህ ራውተሮች ያንኑ 2.4 ይሻማሉ። በዚህ ሞገድ ላይ እርስ በርስ የማይነካኩት ቻናሎች (ራውተር ሴቲንግ ውስጥ የሚመረጡ የሞገዱ መስመሮች) 1፣ 6 እና 11 ናቸው። ከነሱ ሰው ያልበዛበትን ምረጥ። ራውተሩ አጠገብ ከሆንክ ግን ወደ 5ቱ ዙር፤ ግልግል ነው።

ጥያቄ፦ 10 ሜጋ ገዝቼ 1 ሜጋ ገደማ ብቻ ነው የሚወርድልኝ። ተበላሁ?

መልስ፦ አልተበላህም። የሚሸጥልህ በሜጋቢት ነው፣ ፋይል የሚለካው በሜጋባይት። 1 ባይት 8 ቢት ነው። 10ን ለ8 ስታካፍል 1.25 ይመጣል።

ጥያቄ፦ ፊልም በብሉቱዝ ስልከው ዕድሜ ይፈጃል፤ በዜንደር (ፋይል መላላኪያው አፕ) ግን ወዲያው ነው። ለምን?

መልስ፦ ዜንደር ፋይሉን የሚያሳልፈው በ2ቱ ስልኮች መካከል በሚፈጥረው ዋይፋይ ነው፤ ዳታ አይቆርጥም። ብሉቱዝ ፋይል ሲልክ ቢበዛ በሰከንድ 2 ሜጋቢት ገደማ ነው። 700 ሜጋባይት ፊልም 5,600 ሜጋቢት ስለሆነ 47 ደቂቃ ያህል ይወስዳል። ዋይፋዩ 80 ሜጋቢት ቢሰጥህ 70 ሰከንድ ይበቃል። ብሉቱዝ የተሠራው ባትሪ እንዲቆጥብ ነው፤ ለጆሮ ማዳመጫ ተዉለት።

ጥያቄ፦ ማዳመጫዬ ስልኩን ኋላ ኪሴ ስከተው ይቆራረጣል። 10 ሜትር ይሠራል አልተባለም እንዴ?

መልስ፦ 10 ሜትሩ መሐል ላይ ምንም ከሌለ ነው። ሰውነታችን አብዛኛው ውሃ ነው፣ ውሃ ደግሞ የብሉቱዝን ሞገድ ይውጠዋል። ደረት ኪስህ ውስጥ አድርገው።

ጥያቄ፦ ገጠር እናቴ ጋ ስልክ ይደወላል፣ ኢንተርኔቱ ግን የለም ማለት ይቻላል።

መልስ፦ 2ጂ ላይ፣ ማለትም ዘገምተኛው የድሮ የሞባይል ኔትወርክ ላይ ወድቀህ ይሆናል። 2ጂ ቦታው ገላጣ ከሆነ ከአንድ ማማ እስከ 35 ኪሎሜትር ሊደርስ ይችላል። ድምፅ ትንሽ ዳታ ስለሚበቃው ያልፋል፤ ቪዲዮ ግን አይሞከርም። ጉብታ ላይ ወጥተህ ፈጣኑን 4ጂ ፈልግ። ካጣህ በጽሑፍ ተጻጻፍ።