የአባቴን ባክሎፌን ላቋርጥ?

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ አባቴ የ64 ዓመት አዛውንት ናቸው። ስትሮክ ከመታቸው ዓመት ሆኗቸዋል፤ ግራ እጃቸውና እግራቸው ግትር ብሎ ቀረ። ባክሎፌን 10 ሚሊ ግራም በቀን 3 ጊዜ መውሰድ ከጀመሩ ወዲህ ግትርነቱ ቢቀንስም ቀኑን ሙሉ ያንቀላፋሉ፤ ሲቆሙም ጉልበታቸው ይከዳቸዋል። እሱን አቁመን ለወገቤ የታዘዘልኝን ጡንቻ የሚያፍታታ መድኃኒት ብሰጣቸውስ?

መልስ፦ እባክዎ፣ ባክሎፌኑን በድንገት አያቋርጡባቸው። ለሳምንታት ሲወሰድ የቆየ ባክሎፌን በአንዴ ሲቆም ግትርነቱ ብሶበት ይመለሳል፤ ኃይለኛ ትኩሳት፣ ቅዠትና የሚጥል መንቀጥቀጥ ሊያመጣ፣ ሕይወትም ሊያሳጣ ይችላል። መጠኑ የሚቀነሰው ሐኪማቸው እየተከታተለ፣ ቀስ በቀስ ነው።

የእርስዎ መድኃኒትም ምትክ አይሆንም። ለወገብ የሚታዘዙት እንደ ሜቶካርባሞል ያሉት በጫና ለተኮማተረ ጡንቻ፣ ለአጭር ጊዜ የሚወሰዱ ናቸው። የአባትዎ ችግር ምንጩ አንጎል ነው፤ ጡንቻን የሚያረግበው ትእዛዝ ወደ ኅብለ ሰረሰር በአግባቡ አይደርስም። ባክሎፌን የሚሠራውም እዚያው ኅብለ ሰረሰር ላይ ነው።

እኔ ብሆን አስቀድሜ ኩላሊታቸውን አስመረምራለሁ። ባክሎፌን በአብዛኛው የሚወጣው በሽንት ስለሆነ፣ ኩላሊት ከደከመ በተለመደው መጠን እንኳ በደም ውስጥ ይጠራቀማል። እንቅልፍ የሚያመጣ ሌላ መድኃኒት ይወስዱ እንደሆነም መታየት አለበት።

የጉልበታቸው መክዳት ሌላ ነገር ይነግረኛል። የስትሮክ ሕመምተኛ እግር ሲገትር ለደከመው ጡንቻ ምርኩዝ ይሆነዋል፤ ግትርነቱን ፈጽመን ብናጠፋው መቆም ያቅታቸዋል። ስለዚህ ሐኪሙ መጠኑን ዝቅ አድርጎ፣ ይበልጥ የሚያስቸግራቸው የእጃቸው መጨበጥ ከሆነ በዚያ ጡንቻ ላይ ብቻ ጡንቻን የሚያላላ የቦቱሊነም መርፌ ሊያስብ ይችላል። መርፌው 3 ወር ያህል ይሠራል፤ ሰውነትን በሙሉ አያደነዝዝም። ቲዛኒዲን የሚባለውም አማራጭ ነው፤ ነገር ግን የደም ግፊትን ያወርዳል፣ የጉበት ምርመራ ይፈልጋል፣ ሲፕሮፍሎክሳሲን ከሚባለው አንቲባዮቲክ ጋር ደግሞ ፈጽሞ አይወሰድም። ጡንቻን የሚያላላውን ማስታገሻ ዳያዜፓምን በእሳቸው ዕድሜ አልመርጠውም፤ መውደቅንና መወናበድን ያበዛል።

ግትርነቱ በድንገት ከባሰ መጠን ከመጨመር በፊት የሽንት ኢንፌክሽን፣ የሆድ ድርቀት ወይም የአልጋ ቁስል መኖሩን ያስፈትሹ። ሲቀሰቅሷቸው የማይነቁ ወይም ትንፋሻቸው የሚዘገይ ከሆነ ግን ቀጠሮ ሳይጠብቁ ወዲያውኑ ወደ ድንገተኛ ክፍል ይውሰዷቸው።