ስለ ድሬ አቧራና ጭስ ጠይቁኝ

ሲሚንቶ ፋብሪካ ውስጥ አቧራ ማጣሪያ ላይ ስሠራ ኖሬ ጡረታ ወጥቻለሁ። የማውቀውን እመልሳለሁ። አደራ፣ ሰፈራችሁንና ሰዓቱን ጻፉልኝ። ከሰል እያጨሳችሁ በር ዘግታችሁ እንዳትተኙ፤ ይሄን ሳትጠይቁኝም እነግራችኋለሁ።

የገንደ ቆሬ ልጅ፦ ጋሼ፣ ጭሱ ሌሊት ለምን ይብሳል? ፋብሪካው ተደብቆ ነው የሚለቀው ይባላል።

መልስ፦ ጥሩ ጠየቅክ። አንደኛ፣ ከተማችን ተራራ ሥር ናት። ሌሊት ቀዝቃዛው አየር ታች ይተኛል፣ ሞቃቱ እንደ ክዳን ይገጥምበታል፤ ቀን ሽቅብ ይሄድ የነበረው ጭስ እኛው ላይ ይቀራል። ሁለተኛ፣ የፋብሪካው አቧራ ማጣሪያ። በኤሌክትሪክ የሚሠራው ዓይነት፣ ምድጃው ውስጥ ነዳጁ በደንብ ሳይቃጠል ቀርቶ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባለው መርዛማና ተቀጣጣይ ጋዝ ሲበዛ፣ እንዳይፈነዳ ራሱን ያጠፋል። መብራት ሲሄድም ይቆማል። ያኔ አቧራው ሳይጣራ ይወጣል። ከረጢት የሚባለው ማጣሪያ ይሻላል፦ ረጃጅም የጨርቅ ቱቦዎች ናቸው፣ ጭሱ በጨርቁ ሲያልፍ አቧራው ውጭ ይቀራል፣ በታመቀ አየር ይራገፋል። አንዱ ከተቀደደ ግን በዚያ ቀዳዳ ብዙ አቧራ ሳይጣራ ያልፋል። ባትሪ ይዤ ስገባ የተቀደደውን የማውቀው በአፉ ዙሪያ እንደ ዱቄት በተከመረው አቧራ ነበር። በጊዜ ካልተቀየረ አጠገቡ ያሉትንም ይጨርሳል። ስለዚህ ባለሥልጣን ስታገኙ "መለዋወጫ ከረጢት መጋዘን ውስጥ አለ?" ብላችሁ ጠይቁ። ማጣሪያ ተገዝቶ መለዋወጫ ካጣ ብረት ነው።

ሳቢያን፦ ማስክ ይጠቅማል?

መልስ፦ ደቃቅ አቧራ የሚያጣራው ኤን 95 የሚባለው ማስክ ፊት ላይ ከገጠመ አዎ። ነጠላና ጨርቅ ደቃቁን አያስቆምም።

ከዚራ፦ ቻይና እንኳ ፀዳ የለ? እኛስ?

መልስ፦ የቤጂንግ ደቃቅ ብናኝ የዓመት አማካይ እ.ኤ.አ. በ2013 በሜትር ኩብ 89.5 ማይክሮግራም ነበር፤ በ2021 ወደ 33 ወረደ። የከሰል ድንጋይ ማሞቂያዎችን በጋዝ ተክተው፣ ልኬቱን በየሰዓቱ ለሕዝብ እያወጡ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት የሚመክረው 5 ነውና ገና ናቸው። እኛም ልኬቱን በየቀኑ ማየት አለብን፤ መብታችን ነው።

ባጃጅ ነጂ፦ አቦ፣ ሁሉም ጣቱን ባጃጅ ላይ ነው! ከሰዓት በኋላ ገራባ፣ የጫት ትራፊውን፣ ከነፌስታሉ የሚያቃጥለውን ማን ይናገረው?

ከዚራ፦ ያንተ ባጃጅ ዘይት ያቃጥላል፣ በዓይኔ አይቻለሁ።

የገንደ ቆሬ ልጅ፦ ፋብሪካው ይዘጋና ሁላችንም እንረፍ።

መልካ ጀብዱ፦ ወላሂ፣ አንተ ትረፍ። የኔ ልጆች የሚበሉት ከዚያ ነው።

መልስ፦ ይዘጋ አላልኩም፤ ከረጢቱ ይቀየር ነው ያልኩት። ፌስታል ማቃጠሉ ግን እውነት ነው፣ መርዝ ነው። ገራባውን ለፍየል ስጡት፣ ፌስታሉን ለዩት።

አዲስ ከተማ፦ ማስክስ ይጠቅማል?

መልስ፦ ከላይ መልሻለሁ። ወጣ ብለሽ አንብቢ።

ሌላ ጠያቂ፦ አየሩ እንዴት ነው?

መልስ፦ የት? ስንት ሰዓት?

እናት ከለገሃሬ፦ ልጄ ሌሊት ያስለዋል፣ ደረቱ ያፏጫል። ከፋብሪካው ይሆን?

መልስ፦ እህቴ፣ ሐኪም አይደለሁም፤ ነገ ጠዋት ጤና ጣቢያ ውሰጂው። አሁን አንድ ነገር ንገሪኝ፦ ማታ የምታበስዪው በምንድን ነው?

እናት ከለገሃሬ፦ በከሰል። ዝናብ ከሆነ እዚያው መኝታ ክፍል።

መልስ፦ ዛሬውኑ ምድጃውን በረንዳ አውጪው፣ ዝናብም ቢሆን በቆርቆሮው ሥር። ጭስ ባይታይም ካርቦን ሞኖክሳይድ ሊኖር ይችላል፤ ሽታም የለውም። ስታወጪው ጻፊልኝ፣ እጠብቃለሁ።