የተመራጩ አማችና የአረፋው በግ

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ሰላም ለእርስዎ ይሁን። ጅማ መርካቶ ውስጥ በርበሬና ቅመም እሸጣለሁ። ወንድሜ የሚኖረው እንግሊዝ አገር፣ ሊድስ ከተማ ነው። ሰሞኑን በስልክ ስናወራ የሰፈሩ ተመራጭ ምን ቤት እንዳለው፣ የት እንደሚሠራ፣ ከማን ስጦታ እንደተቀበለ ከምክር ቤቱ ድረ ገጽ ላይ እያነበበ ነገረኝ። ገረመኝ። በእኛ ሰፈር ወደ አወቱ ወንዝ የሚወርደው መንገድ ኮብልስቶን ይነጠፋል ተብሎ ከየቤቱ አዋጥተናል፤ ሥራውን የወሰደው ግን የአንድ ተመራጭ አማች ነው እየተባለ ይወራል። ይህን እኔ ማጣራት እችላለሁ? ወይስ አርፌ በርበሬዬን ልሽጥ?
ሐ. ነኝ፣ ከሂርማታ

መልስ፦ እህቴ፣ ትችያለሽ። እንደ ወንድምሽ ስልክ እየነካካሽ አይሆንም እንጂ። ሁለት ሦስት ቀን ሱቁን ለሰው አደራ ብለሽ ቢሮ መመላለስ ይኖርብሻል።

ወንድምሽ ያነበበው እ.ኤ.አ. በ2011 በወጣ ሕግ የታዘዘ መዝገብ ነው። እዚያ የአካባቢ ተመራጭ ሥራ በጀመረ በ28 ቀን ውስጥ ሥራውን፣ በአካባቢው ያለውን ቤትና መሬት፣ ከምክር ቤቱ ጋር የገባውን ውል ያስመዘግባል። የትዳር ጓደኛውም ጥቅም አብሮ ይጻፋል። ስጦታን በተመለከተ ብዙዎቹ ምክር ቤቶች ከ50 ፓውንድ ጀምሮ ይመዝገብ የሚል ደንብ አላቸው።

ወደ እኛ ስንመጣ፣ የሀብት ማሳወቂያና ማስመዝገቢያ አዋጅ ቁጥር 668/2002 አለ። ተሿሚና ተመራጭ የራሱን፣ የትዳር ጓደኛውንና ዕድሜያቸው ከ18 ዓመት በታች የሆኑ ልጆቹን ሀብት ያስመዘግባል፣ በየሁለት ዓመቱም ያድሳል። የተመዘገበው ለሕዝብ ክፍት ነው ይላል አዋጁ፤ የቤተሰቡ ሀብት ግን በምስጢር ይያዛል። ይህ ክፍተት ሁሌም ያንገበግበኛል። በሚስት ስም የተሠራ ፎቅ ለአንቺ አይታይሽም ማለት ነው። አዋጁ የወጣው ለፌዴራሉ መንግሥት ነው፤ ጅማ በኦሮሚያ ስር ስለሆነች የከተማሽን ተመራጭ የሀብት ምዝገባ የምትጠይቂው በክልሉ የሥነ ምግባርና ፀረ ሙስና ኮሚሽን መዋቅር በኩል ነው።

አሁን ግን ጥያቄሽን መልሰሽ አንብቢው። የምትጠይቂው ስለ አማች ነው። አማች ደግሞ በየትኛውም የሀብት መዝገብ ላይ አይገኝም። ኮሚሽን ሄደሽ የተመራጩን መዝገብ ብታዪ አንድ መኖሪያ ቤትና የባንክ ደብተር አይተሽ «ንጹሕ ነው» ብለሽ ትመለሻለሽ። አንቺን የሚጠቅምሽ ሌላ ወረቀት ነው፤ ቃለ ጉባኤ።

ይህን የምልሽ 19 ዓመት የምክር ቤት ቃለ ጉባኤ ስጽፍ ስለኖርኩ ነው። የት እንደሆነ ይቆይ። አንድ ቀን የገበያ ሱቆች ኪራይ ሲወሰን፣ ከአመልካቾቹ አንዱ የአንድ አባል የአጎት ልጅ ነበር። ቤቱ ውስጥ የነበርን ሁላችንም እናውቃለን። ሰብሳቢው «በዚህ ጉዳይ ጥቅም ያለው አባል ካለ ይውጣ» አላለም፤ አባሉም አልወጣም። እጁን ሲያወጣ አየሁት። እኔም «በሙሉ ድምፅ ጸደቀ» ብዬ ጻፍኩ። ከዚያ በኋላ ሰዎች ለወራት ቡና ላይ አሙት፤ ቢሮ መጥቶ «ያን ቃለ ጉባኤ አሳዩኝ» ያለ ግን አንድም ሰው አልነበረም። የተገኙት አባላት ስም፣ የእያንዳንዳቸው ፊርማ፣ ሁሉም እዚያ ነበር። ዛሬም ሳስበው ያመኛል።

ስለዚህ መጀመሪያ ሥራውን ማን እንደሰጠ ለዪ፤ ማዘጋጃ ቤቱ በጨረታ ነው ወይስ የሰፈራችሁ የልማት ኮሚቴ? ከዚያ በማመልከቻሽ የምትፈልጊውን ወረቀት በስም ጥሪ፦ ሥራውን የወሰደው ድርጅት ወይም ማኅበር ስም፣ የውሉ ዋጋ፣ የጨረታ ገምጋሚዎቹ ስም፣ አሸናፊው የተመረጠበት ቃለ ጉባኤ ኮፒ። «መረጃ ይሰጠኝ» ብቻ ያልሽ እንደሆነ «ምን መረጃ?» ብለው ይመልሱሻል። ያዋጣሽበትን ደረሰኝም ኮፒ አድርገሽ አያይዢ፤ ገንዘቡ ያንቺም እንደሆነ ይናገርልሻል። የክልሉ የሥራ ቋንቋ አፋን ኦሮሞ ስለሆነ በዚያው ቢጻፍ ይቀልሻል፤ መጻፉ ካስቸገረሽ ፍርድ ቤት በር ላይ ማመልከቻ የሚጽፉ አሉልሽ።

በሁለት ቅጂ አሠሪው። አንዱን መዝገብ ቤት ስትሰጪ በሌላው ላይ ቁጥርና ቀን ጽፈው ማኅተም እንዲመቱልሽ ሳታደርጊ ከመስኮቱ አትነሺ። የመገናኛ ብዙኃንና የመረጃ ነፃነት አዋጅ ቁጥር 590/2000 ለመሥሪያ ቤቱ የሰጠው የመልስ ጊዜ 30 ቀን ነው፤ ቀኑ የሚቆጠረው ደግሞ ከዚያች ማኅተም ነው። ከከለከሉሽ ወይም ዝም ካሉሽ ወደ እንባ ጠባቂ ተቋም አቤት በዪ። ማንም «ምን አገባሽ?» ካለሽ የሕገ መንግሥቱን አንቀጽ 12 ጥቀሺለት፤ የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ መሆን አለበት፣ ተመራጭም ተጠያቂ ነው ይላል።

አንድ ነገር ልለምንሽ። ማመልከቻው ላይ «እገሌ ሰረቀ» የሚል ቃል እንዳይገባ። እስካሁን በእጅሽ ያለው «ይባላል» ብቻ ነው። ቃለ ጉባኤው ወጥቶ ሥራውን የወሰደው ከአማቹ ጋር ምንም የማይገናኝ ሰው ሆኖ ከተገኘም፣ ወሬውን ለነገሩሽ ጎረቤቶች ሁሉ ወረቀቱን አሳዪያቸው። ያ ሰውም ስም አለው።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እኔ ራሴ የምክር ቤት አባል ነኝ። ለአረፋ አንድ ነጋዴ በግ ላከልኝ። ሰውየው የመጋዘን ቦታ ጠይቆ ጉዳዩ እኛ ቋሚ ኮሚቴ ጋ ነው። ባለቤቴ «የበዓል በግ አይመለስም፣ ነውር ነው» ትላለች። ምን ይሻለኛል?
ስሜ ይቆይ፣ ከጅማ

መልስ፦ ወንድሜ፣ መልሰው። ባለቤትህ ስለ ባህሉ ያለችው ልክ ነው፤ በግ የሚላከው ግን ለዘመድና ለጎረቤት ነው። ይህ ሰው ሳትመረጥ በፊት በአረፋ በግ ልኮልህ ያውቃል? ካላወቀ የላከው ለወንበርህ ነው። እናትህ አርፈው ለቅሶ ቢደርስህ ኖሮ ሌላ ነገር እልህ ነበር። ለፌዴራሉ መንግሥት የወጣው የሀብት ማስመዝገቢያ አዋጅ 668ም የጥቅም ግጭት የሚያስከትል ስጦታና መስተንግዶ አትቀበሉ ይላል።

ታርዶም ከሆነ የገበያ ዋጋውን አስገምተህ ገንዘቡን በሰው ፊት ስጠው። ቀኑን፣ የላኪውን ስምና የከፈልከውን ብር ጽፈህ ለአፈ ጉባኤው በደብዳቤ አስገባ፤ ቅጂውን ቤትህ አስቀምጥ። መልሰኸውም ቢሆን የመጋዘኑ ጉዳይ ሲነሳ ምክንያቱን ተናግረህ ውጣ። ስትወጣም ጸሐፊው መውጣትህን ከነምክንያቱ ቃለ ጉባኤው ላይ እንዲያሰፍር ጠይቀው፤ ከመፈረምህ በፊትም መጻፉን አንብበህ እይ።