የድሮሴራ አበባ ቀለሙን ከየት ያመጣዋል?

ሰላም ጤና ይስጥልኝ። ሱሉልታ ባለችኝ ትንሽ የላስቲክ ቤት ድሮሴራ አሳድጋለሁ። በቅጠሉ ጠጉሮች ጫፍ ጤዛ የሚመስል ሙጫ ይዞ ትንኝ የሚያጠምደው ተክል ነው። ስለ አበባው የጠየቃችሁኝን እነሆ።

ከቡራዩ፦ ጋሼ፣ የእኔ ካፔንሲስ የሚባለው የድሮሴራ ዓይነት ሮዝ ያብባል፣ የጓደኛዬ ነጭ። አፈር ብቀይር ይነጣልኛል?

አይነጣም፣ የኔ ልጅ። ሃይድራንጂያ የሚባለው አበባ አሲዳማ አፈር ውስጥ አሉሚኒየም ሲያገኝ ይሰማያዋል፤ ድሮሴራ ግን እንዲህ ያለ ጠባይ የለውም። ቀለሙ ከዘሩ ነው። የጓደኛሽን ቅጠል ልብ ብለሽ እዪው፤ ጠጉሮቹ ነጣ ካሉ «አልባ» የሚባለው ዓይነት ነው። አንቶሲያኒን የሚባለው ቀይ ቀለም ስለጎደለው ቅጠሉም አበባውም ገረጣ። ካፔንሲስ በራሱ የአበባ ዱቄት ስለሚያፈራ ከእሷ ትንሽ ዘር ለምኚ። እርጥብ አፈር ላይ በትኚው እንጂ አትቅበሪው፤ ለመብቀል ብርሃን ይፈልጋል።

ከለገጣፎ፦ ቅጠሉ ደም መስሏል። አበባውም ይቀላላ?

አይቀላም። ቅጠሉን ያቀላው ፀሐይ ነው፤ ጥላ ውስጥ ብታቆየው ተመልሶ ይለመልማል። አበባው ግን የተወለደበትን ቀለም ይዞ ይቀጥላል።

ከሰበታ፦ በዱር ያለው ሁሉ ነጭ ነው፣ ሌላውን ቀለም ሰው ነው ያወጣው ሲሉ ሰማሁ። እውነት ነው?

ይህን ወሬ ብዙ ሰው ይደግመዋል፣ እኔንም ያሳዝነኛል፤ የዱሩን ሀብት ይሰውረዋልና። ደቡብ አፍሪካ ኬፕ አካባቢ የሚበቅለውን ሲስቲፍሎራ ተመልከቱ። አንዱ ዝርያ ብቻውን ነጭ፣ ክሬም፣ ቢጫ፣ ሮዝ፣ ወይን ጠጅና ደማቅ ቀይ ያብባል፤ የብዙዎቹ መሐል ደግሞ ጠቆር ይላል። ይህን ጥቁር መሐል የሚወዱ ጠጉራም ጥንዚዛዎች ይጎበኙታል። ምዕራብ አውስትራሊያ ደግሞ ከሳንቲም ብዙም የማይበልጠው ፑልኬላ ሮዝም፣ ነጭም፣ ብርቱካንማም አበባ አለው። በሰሜኑ የምድር ክፍል የሚበቅለው ሮቱንዲፎሊያ ነጭ ነው፤ የአፍሪካው ማዳጋስካሪየንሲስ ሮዝ። ሰው የሠራው ካለው መምረጥና ማዳቀል ነው።

ከሆለታ፦ የጽጌረዳ እርሻ ላይ እሠራለሁ። ማዳበሪያ ብሰጠው አበባው አይደምቅም?

እባክህ ወንድሜ፣ አትስጠው! ለጽጌረዳ የሚበጀው ለድሮሴራ መርዝ ነው። የተፈጠረው ምግብ በሌለው ረግረግ አፈር ላይ ነው፤ ትንኝ የሚያጠምደውም ለዚሁ ነው። ማዕድን የበዛበት የጉድጓድ ውሃም ይጎዳዋል። እኔ ክረምቱን ከቆርቆሮ ጣሪያ የሚወርደውን በበርሜል አጠራቅማለሁ፤ የመጀመሪያውን አቧራ ያዘለ ዝናብ ግን እደፋዋለሁ። ሳክሲያውን ውሃ ያለበት ሰሃን ላይ አስቀምጠው። አፈሩ ማዳበሪያ ያልገባበት ፒት (ከረግረግ የሚወጣ የበሰበሰ የተክል ቅሪት) እና የታጠበ አሸዋ ይሁን።

ከጣፎ፦ አመሻሽ ላይ ፎቶ ላነሳ ስሄድ ተከድኖ አገኘዋለሁ። ታሟል?

ደህና ነው። አንድ አበባ ብዙ ጊዜ የሚከፈተው ለአንድ ቀን፣ ያውም ፀሐይ ሳለ ነው። ነገ ከዚያው ዘንግ ቀጣዩ ይፈካል። ረፋዱ ላይ አንሺው፤ የረገፈውን አይቶ ቀለም መፍረድ ያሳስታል።

አንድ ልመና አለኝ፦ ዘር ስትለዋወጡ ፖስታው ላይ የእናትየውን አበባ ቀለምና ከማን እንዳገኛችሁት ጻፉ። ስም የሌለው ዘር ደርሶኝ እስኪያብብ ከዓመት በላይ ጠብቄያለሁ።