ካርቦሃይድሬት ምን ውስጥ አለ? ጠይቁኝ (ጥያቄና መልስ)

ሲስተር፦ ሰላም ቤተሰብ። «እንጀራ ውስጥ ካርብ (ካርቦሃይድሬት) አለ ወይ» የሚል ጥያቄ በውስጥ መስመር በዛብኝ፣ ስለዚህ ዛሬ ማታ እስከ 4 ሰዓት እዚሁ አለሁ፣ ሁላችሁም በአንድ ላይ ጠይቁ። ለማታውቁኝ የስኳር ክሊኒክ ነርስ ነኝ። ከመጀመራችን በፊት ግን አንድ ነገር፣ ኢንሱሊን ወይም ግሊቤንክላሚድ (ስኳር የሚያወርድ ኪኒን) የምትወስዱ ሰዎች እዚህ ያነበባችሁትን ይዛችሁ ሐኪማችሁን ሳታናግሩ ምግብ እንዳትቀንሱ። ስኳር ወርዶ ሰው ይጥላል። ሌላው፣ «ጥሩ ነው መጥፎ ነው» ሳይሆን «ስንት ነው» ብላችሁ ጠይቁኝ።

የአርሲ ልጅ፦ ከሥሩ ጀምሪልን ሲስተር። ትምህርት ቤት ሃይል ሰጪ፣ ገንቢ፣ በሽታ ተከላካይ ተብለን ተምረናል፣ ከዛ በላይ አላውቅም። ካርቦሃይድሬት ራሱ ምንድነው?

ሲስተር፦ ሃይል ሰጪ ከተባሉት አንዱ ነው፣ ሌላው ቅባት ነው። አንድ ግራም ካርብ 4 ካሎሪ ይሰጥሃል፣ ቅባት 9። ካርቡን ደግሞ በሦስት ክፈለው፣ ስኳር፣ ስታርች፣ ፋይበር። ስኳር ትንንሾቹ ናቸው፣ ግሉኮስ፣ የፍራፍሬው ፍሩክቶስ፣ የወተቱ ላክቶስ። ስታርች ማለት ብዙ ግሉኮስ እንደ ዶቃ በክር ተሰክቶ ነው፣ ተክሉ ለራሱ ያስቀመጠው ስንቅ በለው፣ እህል ውስጥ፣ ድንች ውስጥ፣ እንሰት ውስጥ። ምላስህ ጣፋጭ ነው አይልህም ግን ከተዋጠ በኋላ ክሩ ይበጠስና ያው ግሉኮስ ሆኖ ደም ውስጥ ይገባል። ካላመንከኝ አሁን ተነስና አንድ ቁራሽ ዳቦ ሳትውጠው ሁለት ደቂቃ አላምጠው፣ እየጣፈጠህ ይመጣል፣ ምራቅህ ውስጥ አሚሌዝ የሚባል ኢንዛይም አለ እሱ መበጠስ ስለጀመረ ነው። ፋይበር ደግሞ ቃጫው፣ ገለፈቱ፣ የኛ ሆድ የማይፈጨው። እሱ ስኳር አያወጣም፣ እንዲያውም የሌላውን ያዘገየዋል።

እናት ነኝ፦ የትኞቹ ምግቦች እንደሆኑ ዘርዝሪልን እህቴ ፍሪጅ ላይ ልለጥፈው

ሲስተር፦ እሺ እማ። እህል በሙሉ፣ ጤፍ፣ ስንዴ፣ ገብስ፣ በቆሎ፣ ማሽላ፣ አጃ፣ ሩዝ። ስለዚህ ከነሱ የሚሠራው በሙሉ፣ እንጀራው፣ ዳቦው፣ ቂጣው፣ ገንፎው፣ ጨጨብሳው፣ ቆሎው፣ በሶው፣ ፓስታው። ከሥራ ሥር ድንች፣ ስኳር ድንች፣ ጎደሬ። ቆጮና ቡላ። ባቄላ፣ አተር፣ ሽምብራ፣ ምስር እነዚህ ፕሮቲንም ፋይበርም ስላላቸው ስኳራቸው ቀስ ብሎ ነው የሚወጣው ግን ካርብ አላቸው፣ 100 ግራም የሽሮ ዱቄት ውስጥ 60 ግራም አካባቢ ነው። ፍራፍሬ፣ አንድ መካከለኛ ሙዝ 27 ግራም ገደማ። ወተት አንድ ብርጭቆ 12 ገደማ። ሥጋ፣ ዶሮ፣ ዓሣ፣ እንቁላል፣ ዘይት፣ ቅቤ የላቸውም ወይም ከቁጥር አይገባም። ጎመን፣ ቆስጣ፣ ሰላጣ፣ ቲማቲም በጣም ትንሽ ነው፣ በሱ አትጨነቂ።

ጂዳ፦ ማርስ? ንጹህ የሀገር ቤት ማር ከሆነ ችግር የለውም ይባላል

ሲስተር፦ ማር ስኳር ነው። ከ100 ግራሙ 80 ያህሉ። ንጹህ መሆኑ ይሄን አይቀይረውም።

ጂዳ፦ ቴምርስ

ሲስተር፦ ትልቁ ቴምር አንዱ ብቻ 18 ግራም ገደማ። ቁጠሪው።

ሸገር፦ እኔ የማውቀው ጤፍ ግሉተን ስለሌለው ለስኳር ህመምተኛ እንደሚስማማ ነው፣ እንጀራ እንደፈለጉ መብላት ይቻላል ሲባል ሰምቻለሁ

ሲስተር፦ ይሄንን ጥያቄ ስጠብቅ ነበር። ግሉተን ፕሮቲን ነው፣ ፕሮቲን። ስንዴና ገብስ ውስጥ ያለ ፕሮቲን። የሱ አለመኖር ሴሊያክ (ግሉተን አንጀት የሚጎዳበት በሽታ) ላለበት ሰው ትልቅ ነገር ነው፣ ለስኳር ግን ምንም አይነግርህም። ጤፍ ብረቱ፣ ፋይበሩ፣ እኔም እወደዋለሁ፣ ግን 100 ግራም የጤፍ ዱቄት ውስጥ 70 ግራሙ ገደማ ካርብ ነው። እንጀራ ሲሆን ውሃ ስላለው 100 ግራሙ ከ30 እስከ 40 ይሆናል፣ ጥያቄው ታዲያ የናንተ እንጀራ ስንት ግራም ነው? እዚህ ካላችሁት አንድ የሚያውቅ አለ?

አባቴ ስኳር አለብህ ሲባል የተነገረው «ጣፋጭ ነገር ተው» ብቻ ነበር። ተወ። 6 ዓመት ሻይ ያለ ስኳር ጠጣ፣ የልጅ ልጁ ልደት ላይ ኬክ አልቀመሰም። ማታ ግን ሁለት እንጀራ በሽሮ፣ ጎኑ ላይ ድንች አልጫ፣ ከዛ ዜና እያየ ቆሎውን ይቆረጥማል። የደም ስኳሩ 300 (ሚሊግራም በዴሲሊትር) ሲያልፍ እኔ ልጁ፣ ነርስ ሆኜ፣ «ተደብቀህ ምን ትበላለህ» ብዬ ተቆጣሁት። ዝም ብሎ አየኝ። ምንም አልደበቀም ነበር፣ እንጀራም ስኳር እንደሚሆን የነገረው ሰው ስላልነበረ ነው። እስካሁን ያመኛል። ለዛ ነው ስለ እንጀራ ስትጠይቁኝ የማላሳጥረው።

ሸገር፦ ነፍሱን ይማር ሲስተር

ሲስተር፦ አለ፣ እግዚአብሔር ይመስገን። አሁን ግማሽ እንጀራ በብዙ ጎመንና በአይብ ነው የሚበላው።

የመንዝ ሰው፦ ይሄ እኮ የነጭ ማኛ ጣጣ ነው፣ አባቶቻችን ቀይ ጤፍ እየበሉ ስኳር የሚባል አያውቁም ነበር

የወልቂጤ ልጅ፦ አባቶችህ ቀኑን ሙሉ ሲያርሱ ይውሉ ነበር አንተ ወንበር ላይ ነህ። ደግሞ ቆጮ የሚበላ ሰው ስኳር አይዘውም ከጤፍ ይሻላል

የመንዝ ሰው፦ ቆጮ ምን አለው ስታርች ብቻ አይደል እንዴ

የወልቂጤ ልጅ፦ ሳትቀምስ አትናገር ወንድሜ፣ በክትፎና በአይብ ብላው ከዛ እናወራለን

ሲስተር፦ ሁለታችሁም ቆዩ። ቀይና ነጭ ጤፍ በካርብ ያው ናቸው፣ በቀይ ቀለሙ ተታላችሁ እጥፍ አትብሉ። ቆጮ ከጤፍ በላይ ወደ ስታርች ያደላ ነው፣ ፕሮቲኑ በጣም ትንሽ ነው፣ ቡላማ ከሞላ ጎደል ስታርች ነው። ግን የወልቂጤው ልጅ ያለው ውስጥ እውነት አለ፣ የጉራጌ እናቶች ቆጮን ለብቻው አያቀርቡም፣ ጎመን፣ አይብ፣ ሥጋ ይዞ ነው የሚመጣው፣ ያ ትሪ በደንብ የታሰበበት ነው። ችግሩ አይብና ሥጋው ጠፍቶ ቆጮው ብቻ ሲቀር ነው። ስለማረሱም ልክ ነው፣ ጡንቻ ሲሠራ ግሉኮስ ይበላል። አሁን ተዉት።

ሚኒሶታ፦ ሊጡ ሦስት ቀን ሲቦካ እርሾው ካርቡን ይበላዋል ይባላል፣ እውነት ነው?

ሲስተር፦ የተወሰነ ስኳሩን ይበላል፣ አረፋውና መኮምጠጡ ከዛ ነው። ስታርቹ አብዛኛው እዛው ነው። ስለኮመጠጠ ቀሏል ብለሽ አትቁጠሪ።

ፍራንክፈርት፦ ሱቅ ላይ ያለውን ጽሑፍ እንዴት ነው የሚነበበው? እህቴ አሜሪካ ናት፣ የሷና የኔ አይገጥምም

ሲስተር፦ ጎበዝ፣ ይሄን ብዙ ሰው አያስተውለውም። አሜሪካ ጠቅላላ ካርቦሃይድሬት ሲሉ ፋይበሩን ጨምረው ነው፣ አውሮፓ ፋይበሩ ከካርቡ ተለይቶ ለብቻው ነው የሚጻፈው። ስለዚህ እህትሽ ፋይበሩን ትቀንሳለች፣ አንቺ ተቀንሶልሻል፣ ሁለተኛ አትቀንሺ። ደግሞ ያንቺ በ100 ግራም ነው፣ የሷ ፋብሪካው «አንድ ጊዜ የሚበላ» ብሎ በወሰነው መጠን ነው፣ እሱን መጠን መጀመሪያ ታንብብ። «ስኳር» የሚለውን መስመር ብቻ አይታችሁ እንዳትወስኑ፣ ስታርቹ እዛ መስመር ላይ የለም።

ቢኒ፦ ሰላም ሲስተር እንጀራ ካርብ አለው?

ሲስተር፦ ቢኒ ወደ ላይ ውጣና አንብብ።

ጂም፦ ለሰርግ 10 ኪሎ በአንድ ወር መቀነስ እፈልጋለሁ ካርብ ጨርሶ ላቁም?

ሲስተር፦ የክብደት ጥያቄ አልመልስም። መድሃኒት የምትወስድ ከሆነ ከላይ የጻፍኩትን አንብብ።

ጂም፦ አልወስድም፣ ጠላና ጠጅስ

ሲስተር፦ ጠጅ ማር ነው፣ ያልቦካው ስኳር ውስጡ አለ፣ አልኮሉም ለብቻው ካሎሪ አለው። ቀጥሉ።

እናት ነኝ፦ ልጄ ኢንሱሊን ትወጋለች፣ ትናንት ማታ ላብ በላብ ሆና ተንቀጠቀጠች፣ ስለካው 58። እንጀራ አጎረስኳት፣ ትክክል ነው?

ሲስተር፦ እማ በጣም ጥሩ ስለጠየቅሽ፣ ሁላችሁም ይሄን ያዙ። ከ70 በታች ሲሆን እንጀራ አይደለም የሚሰጠው፣ ስታርች እስኪበጠስ ጊዜ ይፈጃል። ቶሎ የሚገባ ስኳር ነው፣ ለትልቅ ሰው 15 ግራም፣ 3 ወይም 4 የሻይ ማንኪያ ስኳር በውሃ በጥብጠሽ፣ ወይም ግማሽ ብርጭቆ ለስላሳ፣ ዳይት ያልሆነውን። 15 ደቂቃ ጠብቀሽ ድጋሚ ለኪ፣ ካልወጣ ድገሚ። ከወጣ በኋላ እንጀራውን ስጫት። ራሷን ከሳተች ግን አፏ ውስጥ ምንም አታድርጊ፣ ትታነቃለች፣ ወደ ሐኪም ሩጪ። ልጅሽ ትንሽ ከሆነች መጠኑን ከሐኪሟ ጠይቂ፣ የትናንቱን 58 ደግሞ ነገ ጠዋት ደውለሽ ንገሪያቸው፣ የኢንሱሊን መጠኗ መታየት አለበት።

እናት ነኝ፦ ገና 9 ዓመቷ ነው። እደውላለሁ፣ እግዜር ይስጥልኝ

ሚኒሶታ፦ ሲስተር ቅድም የጠየቅሽውን፣ ተነስቼ የኩሽና ሚዛን ላይ አጥፌ አስቀመጥኩት። ከሱቅ የገዛሁት አንዱ እንጀራ 340 ግራም። ባለቤቴ ማታ ማታ አንድ ተኩል ነው የሚበላው።

ሲስተር፦ በጣም ጎበዝ! በ100 ግራም 35 ብለን እንያዝ፣ 340 ማለት 119 ግራም ካርብ። አንድ ቁራሽ ዳቦ ውስጥ 15 ግራም አካባቢ ካርብ ነው ያለው፣ ስለዚህ አንዱ እንጀራ 8 ቁራሽ ዳቦ ነው። አንድ ተኩሉ 12 ቁራሽ ሆነ፣ ሽሮው ሳይቆጠር። መድሃኒቱ ምንድነው?

ሚኒሶታ፦ ሜትፎርሚን ብቻ

ሲስተር፦ እሱ ለብቻው ስኳርን ከልክ በታች ብዙም አያወርድም፣ ቢሆንም ለሐኪሙ ንገሩት። ነገ ማታ ግማሹን ቆርጠሽ አቅርቢለት፣ ጎመኑን እጥፍ አድርጊው፣ እንቁላል ጨምሪ። ከመብላቱ በፊትና በልቶ 2 ሰዓት ሲሞላው ለክተሽ ሁለቱንም ቁጥር እዚህ ጻፊልኝ።